የተወጋው ሲረሳ፦ የብሪን ቤተሰብ በሎረንስ ከተማ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ በችሎትም፣ በሽምግልናም፣ በቂም ወሬም መካከል ሲጠቀስ ኖሯል። ይሁንና ብሂሉ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ። የተወጋው አይረሳም፤ ይሁን። የተወጋው ልጅስ? አባቱ ከቁስሉ አገግሞ፣ ቤት ሠርቶ፣ በከተማ ሹመት ይዞ፣ በተከበረ ስም ካሳደገው በኋላ ያ ልጅ የአባቱን ቁስል ያስታውሳልን? ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንተርከው የአንድ አየርላንዳዊ ቤተሰብ ታሪክ ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። ስፍራው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኘው የሎረንስ ከተማ ነች። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

ነገሩ በአንድ ዓመት፣ በሁለት ቦታ ይጀምራል።

በ1845 ዓ.ም. በአየርላንድ የድንች ማሳ ላይ እንግዳ በሽታ ገባ። አዝመራው ከመሬት ሲወጣ ጠቁሮና በስብሶ ተገኘ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ከዚህም ውስጥ እጅግ የበዛው ድኻ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው የሚያመርተው እህል ለባለመሬቱ ኪራይ ይሄዳል፤ ለራሱና ለልጆቹ የምትተርፈው ድንች ብቻ ነበረች። ድንቿ ስትጠፋ ግን ኪራዩ አልቀረም። ሕዝቡ እየተራበ የአገሩ እህል በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። ረሀቡ ጋብ እስኪል ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

በዚያው በ1845 ዓ.ም. ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በሜሪማክ ወንዝ ዳር፣ ጥቂት የቦስተን ባለሀብቶች ኤሴክስ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ከምንም ተነሥቶ ከተማ የሚሆን ቦታ ገዝተው ነበር። ሐሳባቸው ወንዙን ገድበው በውኃው ኃይል የጥጥና የሱፍ ፋብሪካዎችን ማንቀሳቀስ ነው። ከመካከላቸው አቦት ሎረንስ የሚባለው ባለጸጋ ለከተማዋ ስሙን ሰጣት። የድንጋይ ግድቡ ሥራ በ1845 ዓ.ም. መስከረም ተጀምሮ በ1848 ዓ.ም. መስከረም አለቀ። ርዝመቱ 275 ሜትር፣ ከፍታው 10 ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬም ቆሟል።

ድንጋዩን ማን ተሸከመው? ቦዩን ማን ቆፈረው? ከረሀብ አምልጠው የመጡ አየርላንዳውያን ናቸው። ለፋብሪካው ሴት ሠራተኞች በጡብ የተሠሩ የኩባንያ ማደሪያዎች ሲታነጹ፣ ግድቡን የሠሩት ሰዎች በግድቡ አጠገብ ከሳንቃና ከአፈር ባበጇቸው ጎጆዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር። በከተማዋ ንድፍ ውስጥ ለግድቡ፣ ለቦዩ፣ ለፋብሪካው፣ ለሕዝብ መናፈሻው ቦታ ተመድቧል፤ ለሠሪዎቹ ግን አልተመደበም። ግድቡ ሲያልቅ ይሄዳሉ ተብሎ ታስቦ ይሆናል። እነርሱ ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

* * *

አገሬው በአክብሮት አልተቀበላቸውም። ሃይማኖታቸው ካቶሊክ፣ ኪሳቸው ባዶ፣ አነጋገራቸው ለአገሬው ጆሮ እንግዳ ነበረ። በ1854 ዓ.ም. «ምንም አላውቅም ባዮች» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የመጤ ጠል ፓርቲ በማሳቹሴትስ ምርጫ የአገረ ገዢውን ሥልጣንና የምክር ቤቱን መቀመጫዎች ከጥቂቶቹ በቀር ጠቅልሎ ወሰደ። አዲሱ አስተዳደር በግዛቲቱ የነበሩትን የአየርላንዳውያን የሚሊሻ ጓዶች በተነ። በ1857 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ያልቻለ አዲስ መራጭ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚከለክል ድንጋጌ ጸደቀ። ሕጉ የማንንም ወገን ስም አልጠራም፤ ለማን እንደተጻፈ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከዚያም ጥር 10 ቀን 1860 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዕለት ወደ ማታ ገደማ ፔምበርተን የተባለው ባለ አምስት ፎቅ የጥጥ ፋብሪካ፣ በውስጡ ብዙ መቶ ሠራተኞችን እንደያዘ በጥቂት ቅጽበት ተደረመሰ። ሕንፃው ዕድሜው ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። በኋላ እንደተመረመረ ወለሉን የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች ሲቀለጡ በአግባቡ ያልተሠሩ፣ በአንድ ጎናቸው የሳሱ ነበሩ። ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ያሉትን ለማውጣት ሲጣር ሌሊቱ መጣ፤ አንድ ፋኖስ ወድቆ ተሰበረ፤ በዘይት የራሰው ጥጥ ተቀጣጠለ። ረዳቶቹ ሊደርሱባቸው ጥቂት የቀሯቸው ሰዎች በእሳት ጠፉ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ዘገባው ከ88 እስከ 145 ይለያያል። ከእነዚህም ብዙዎቹ አየርላንዳውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ገና ልጃገረድ የሆኑ ሴቶች ይበዙ ነበር። ደራሲዋ ኤልዛቤት ስቱዋርት ፌልፕስ ከስምንት ዓመት በኋላ ይህን አደጋ በልብ ወለድ ጽፋዋለች። የአጭር ልብ ወለዷም ርእስ ዕለቱ ራሱ ነው፦ «ጥር አሥር»።

እንግዲህ ቁስሉ ይህ ነው። ረሀብ፣ ስደት፣ ንቀት፣ የተደረመሰ ጣራ።

* * *

ከቁስሉ በኋላ መሰላሉ ይመጣል። አየርላንዳውያኑ መሰላሉን የወጡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን እርከን በእርከን ነው። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1848 ዓ.ም. የአውግስጢኖስ ማኅበር ካህናት በከተማዋ አገልግሎት ጀመሩ፤ የቅድስት ማርያም ደብርም የሕዝቡ ማዕከል ሆነ። ደብሩ ትምህርት ቤት ወለደ፤ ትምህርት ቤቱ ማንበብ የሚችል መራጭ ወለደ። ቀጥሎ ከቀን ሥራ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ትንሽ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ምክር ቤት አለፉ። ከእነርሱ በኋላ ከካናዳ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሊቱዌንያ፣ ከሶሪያ የመጣው ስደተኛ በታች በኩል መሰላሉን ሲይዝ፣ እነርሱ ከመካከለኛው እርከን በላይ ደርሰው ነበር። ደግሞም እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር። ሌላው ስደተኛ ቋንቋ እስኪማር ድረስ እነርሱ የምርጫ ቅስቀሳ ንግግር ያደርጋሉ።

የብሪን ቤተሰብ ወደ መድረኩ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አባትዬው ጆን ብሪን አየርላንድ ውስጥ ተወልዶ በሎረንስ የኖረ፣ መተዳደሪያውም ቀብር ማስፈጸም የሆነ ሰው ነበር። ይህን ሥራ እንደ ተራ ነገር ማለፍ አይገባም። በስደተኞች ከተማ ቀብር አስፈጻሚ የማይገባበት ቤት የለም። ማን እንደሞተ፣ ማን ያለ ጧሪ እንደቀረ፣ ማን ለሣጥን መክፈያ እንዳጣ ያውቃል። ዕዳ ለወራት የሚታገሥ ቀብር አስፈጻሚ በምርጫ ቀን የማይረሳ ሰው ነው። እንዲህ ባለው ትውውቅ ላይ ቆሞ ጆን ብሪን በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ የሎረንስ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ ከ1882 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም አስተዳደረ። በኒው ኢንግላንድ ከተሞች የመጀመሪያው አየርላንድ ተወላጅ ካቶሊክ ከንቲባ ተብሎ ይጠቀሳል። ትልቋ ቦስተን እንኳ አየርላንድ ተወላጅ ከንቲባ የመረጠችው ከእርሱ በኋላ ነው።

ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ እናስብ። ወገኖቹ በግድቡ ዳር በአፈር ጎጆ ከኖሩ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላም። የግዛቲቱ መንግሥት «መምረጥ አይገባችሁም» ካላቸው ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ቢሆን ነው። አሁን ግን የከተማዋ ማኅተም በአንድ ወገናቸው እጅ ገባ። በዚያ ምሽት በሎረንስ የአየርላንዳውያን ሰፈር የፈሰሰው የደስታ እንባ ውሸት አልነበረም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ለልጆች የሚነገር ያማረ ተረት በሆነ ነበር።

* * *

ታሪክ ግን ባማረበት ቦታ አይቆምም።

በ1910 ዓ.ም. ሎረንስ 86 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ከግማሽ ብዙም የማያንሰው በውጭ አገር የተወለደ ነው። በጥር ወር 1912 ዓ.ም. የሴቶችንና የልጆችን የሳምንት ሥራ ከ56 ወደ 54 ሰዓት ዝቅ የሚያደርግ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የፋብሪካ ባለቤቶች ሰዓቱን ሲቀንሱ ደመወዙንም አብረው ቀነሱ። ቅናሹ በአማካይ 32 ሳንቲም ያህል ነው። አማካይ የሳምንት ደመወዙ ከ9 ዶላር ለማይሞላ ቤተሰብ 32 ሳንቲም ብዙ ዳቦ ነው። ጥር 11 ቀን በኤቨረት ፋብሪካ የሚሠሩ የፖላንድ ሴቶች ደመወዛቸውን ቆጥረው መጉደሉን ሲያዩ ማሽኖቹን አቁመው ወጡ። በማግሥቱ አድማው ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተዛመተ፤ ከሃያ ሺህ በላይ ሰውም ከሥራ ወጣ። ይህ አድማ በኋላ ዘመን «የዳቦና የጽጌረዳ አድማ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ የጄምስ ኦፐንሃይም ግጥም ርእስ ሲሆን ግጥሙ የታተመው አድማው ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት ነበር።

አድመኞቹን ለማረጋጋት የወጣው ፖሊስ በአብዛኛው አየርላንዳዊ ነው። ከንቲባው ማይክል ስካንሎን የአየርላንዳውያን ዘር ነው። የቅድስት ማርያም ደብር አለቃ አባ ጄምስ ኦሬይሊም የአየርላንድ ልጅ ናቸው። የግድብ ሠሪዎቹ ልጆች አሁን ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ነበሩ።

ጥር 20 ቀን ፖሊስ በከተማዋ በሦስት ቦታ ዲናሚት አገኘሁ አለ። አንዱ በሶሪያውያን ሰፈር ባለ ቤት፣ አንዱ በአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ፣ ሦስተኛው በመቃብር ስፍራ ነበር። ጋዜጦች ወሬውን በትልልቅ ፊደል አወጡት። «አየኋቸው፤ እነዚህ መጤዎች ከተማዋን ሊያፈነዱ ነው» የሚለው ክስ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ዲናሚቱ በተገኘባቸው ቤቶች የነበሩ ሰዎች ታሰሩ።

ብዙም ሳይቆይ ግን እውነቱ ወጣ። ዲናሚቱን ያስቀመጠው አድመኛ አልነበረም። ያስቀመጠው ጆን ጄ. ብሪን የተባለ፣ ሥራው ቀብር ማስፈጸም የሆነ፣ የከተማዋ ትምህርት ቦርድ አባል ነው። የቀድሞው ከንቲባ የጆን ብሪን ልጅ። ዓላማውም ወንጀሉን በአድመኞቹ ላይ ማላከክ ነበር።

በግንቦት 1912 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት 500 ዶላር ቀጣው። እስር አልተፈረደበትም። ገንዘቡ ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከዓመት በላይ የሚለፋበት ነው፤ ለትምህርት ቦርድ አባሉ ግን ከፍሎት ወደ ቤቱ የሚሄድበት ነበር። በዚያው ወራት የአድማው መሪ ጆሴፍ ኤቶርና ባለቅኔው አርቱሮ ጆቫኒቲ በእስር ላይ ነበሩ። ጥር 29 ቀን አና ሎፒዞ የተባለች አድመኛ በጥይት ስትገደል እነርሱ በቦታው አልነበሩም፤ ነገር ግን «ንግግራቸው ሁከቱን አስነሥቷል» ተብለው በግድያ ተከሰሱ። በነፃ የተሰናበቱት ኅዳር 26 ቀን፣ ከአሥር ወር ገደማ እስር በኋላ ነው። ጆቫኒቲ በእስር ቤት ሆኖ የጻፈው ግጥም በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ስሙን አስጠርቶታል። አና በሞተች ማግሥት ጆን ራሚ የሚባል ሶሪያዊ ወጣት በሚሊሻ ሳንጃ ተወግቶ ሞተ። የእርሱ ሰፈር ሰዎች ዲናሚት ቀባሪ ተብለው የተጠረጠሩት ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቂት ቀናት ነበር።

ከብሪን በስተጀርባስ ማን ነበር? በነሐሴ ወር ኧርነስት ፒትማን የተባለ የሥራ ተቋራጭ የሴራውን ነገር ለዐቃቤ ሕግ ከተናገረ በኋላ ራሱን አጠፋ። የታላቁ የአሜሪካ የሱፍ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ዊልያም ዉድም ተከሰሰ፤ በ1913 ዓ.ም. ሰኔ ግን በነፃ ተለቀቀ። የከንቲባው ልጅ ግን በሕግ ፊት ተፈርዶበት በመዝገብ ቀረ።

* * *

ልጁ በልቡ ምን እንዳሰበ ልንፈርድ አንደፍርም። ማየት የምንችለው የቆመበትን ቦታ ነው። አባቱ የወጣበት መሰላል ገና ይወዛወዝ ነበር። የአንድ ትውልድ ክብር ገና ሥር አልሰደደም። የፋብሪካው ባለቤት ነባሩ አሜሪካዊ በአንድ ወገን፣ ከሥር የሚንጫጫው አዲስ ስደተኛ በሌላ ወገን፣ በመካከል ደግሞ «እኛስ ከማን ጋር እንቆጠራለን?» ብሎ የሚሠጋ የአየርላንድ ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው ከሶሪያዊው ሸማኔ ጋር አብሮ መታየት ወደ አፈር ጎጆው መመለስ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በ1854 ዓ.ም. በአያቶቹ ላይ የተባለውን ቃል በ1912 ዓ.ም. በሌሎች ላይ ሲባል ቢሰማ አይደንቅም፤ «መጤ ነው፤ ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ሁከተኛ ነው» ይባል ነበርና። የሚደንቀው ያ ቃል እውነት እንዲመስል በገዛ እጁ ማስረጃ ማኖሩ ነው።

ይህ ግን የወገኑ ሁሉ ዕጣ አልነበረም። ለአድመኞቹ ቆመው ከታገሉት መካከል ሁለት ሴቶችን እንጥቀስ። ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን በ1912 ዓ.ም. ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበረች። እናቷ ከአየርላንድ ከጎልዌይ የመጣች ናት፤ ፍሊን ግን ከጣሊያናውያንና ከፖላንዳውያን ሴቶች ጋር ቆማ በየአዳራሹ ትናገር፣ የአድመኞቹን ልጆች በሌሎች ከተሞች ወደሚቀበሏቸው ቤተሰቦች ለመላክ ትደክም ነበር። ሁለተኛዋ ሜሪ ኬኒ ኦሳሊቫን ናት። ከአየርላንዳውያን ወላጆች የተወለደች፣ በመጽሐፍ ጥረዛ ሥራ ያደገች፣ በአንጋፋው የሠራተኛ ማኅበር ፌዴሬሽን ውስጥ ብዙ የደከመች ሴት ነበረች። ፌዴሬሽኑ ለእነዚህ ስደተኞች ጀርባውን ሲሰጥ ግን እርሷ ከአድመኞቹ ጎን ቆመች። የሁለቱም ሴቶች ወላጆች ከብሪን ወላጆች የተለየ ረሀብ አልተራቡም። ያው ታሪክ በአንዱ ቤት ፍርሃት፣ በሌላው ቤት ርኅራኄ ሆኖ በቀለ። ስለዚህ መርሳትም ማስታወስም ከደም ጋር የሚወረስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ይመርጠዋል።

አድመኞቹ መጋቢት 14 ቀን አሸንፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ጭማሪው ዝቅተኛ ተከፋይ ለሆኑት የበለጠ እንዲሆን ተደረገ። በጥቅምት 12 ቀን ግን አባ ኦሬይሊ «ለእግዚአብሔርና ለአገር» በሚል መሪ ቃል በአድማው መሪዎች ላይ የተቃውሞ ሰልፍ መሩ። ከተማዋ የሰልፉን ሰንደቅ ዓላማ ለማስታወስ አልተቸገረችም። አድማውን ግን ለረጅም ዘመን አላነሣችውም።

ምን ያህል እንዳላነሣችው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በመጋቢት 1912 ዓ.ም. ካሜላ ቴኦሊ የተባለች ጣሊያናዊት ታዳጊ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ የፋብሪካው ማሽን ጠጉሯን ከነቆዳው እንደገፈፈው መስክራ አገሪቱን አስደንግጣ ነበር። በ1970ዎቹ ፖል ካውን የተባለ ጋዜጠኛ ቤተሰቧን ፈልጎ አገኘ። የካሜላ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች የራሷን ጠባሳ ትሸፍንላት ነበር፤ እናቷ በምክር ቤት ፊት መመስከሯን ግን አታውቅም ነበር። እናትዬው አንዲት ቃል አልነገረቻትም።

እንግዲህ ወደ ብሂላችን እንመለስ። ብሪን የተወጋ ልጅ ሆኖ ረሳ። የካሜላ ልጅ ደግሞ ጠባሳውን በየዕለቱ በጣቶቿ እየዳሰሰች ታሪኩን አላወቀችም። ቁስል ብቻውን አያስታውስም፤ ጠባሳም ብቻውን አይናገርም። የሚናገር አፍና የሚሰማ ጆሮ ያስፈልገዋል።

ሎረንስ ዛሬም የስደተኞች ከተማ ናት። ከአምስት ነዋሪዎቿ አራቱ ያህል ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የመነጩ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በነሐሴ በነባሮቹና በአዲሶቹ መካከል ሁከት ተነሥቶ ቤቶች ተቃጥለው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጥር ደግሞ ዊልያም ላንቲጓ በማሳቹሴትስ የመጀመሪያው ላቲኖ ከንቲባ ሆኖ በዚያችው ከተማ ሥልጣን ያዘ። በዚያ ቀን የፈሰሰው የደስታ እንባም ውሸት አልነበረም፤ ከ128 ዓመት በፊት በብሪን ሹመት እንደፈሰሰው ሁሉ።

መሰላሉ አሁንም በቦታው ቆሟል። ከላይ ያለው ሰው ከታች የሚወጣውን ሲያይ የማንን ፊት እንደሚያይ ግን አባቱ የነገረው ተረት ይወስነዋል። ስለዚህ የተወጋችሁ ሁሉ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ቂም እንዲይዙ ሳይሆን፣ ሌላውን እንዳይወጉ።

ቸር ይግጠመን።